ከስኳር ድንች ቅጠል እስከ ፓፓያ አበባ፦ የክረምቱ የሆክ ሞዝ ሥራ ማስታወሻ

ሰኔ ሚካኤል ሰሞን

ትምህርት ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፣ ስለዚህ ክረምቱን ከተማሪዎቼ ጋር የምንሠራውን ሥራ ዛሬ ጀመርን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እዚህ ሀዋሳ ጓሮው ውስጥ ስኳር ድንች ያለው ሰው ሁሉ ክረምት ሲገባ ጣት የሚያክል፣ ጭራው በኩል ቀንድ ያለው አባጨጓሬ ያውቃል፣ ያየውም ይረግጠዋል፣ ሲያድግ ምን እንደሚሆን ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የሚሆነው ሆክ ሞዝ የሚሉት ትልቁ የእሳት እራት ነው፣ ማታ መብራት ላይ መጥቶ ኮርኒሱን የሚደበድበው፣ ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 12 ሴንቲሜትር የሚደርሰው፣ ሆዱ ላይ ሮዝና ጥቁር ቀለበት ያለው። የሳይንስ ስሙ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ ነው። ቤተሰቡ ስፊንጊዴ ይባላል፣ በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያ አለው፣ የተወሰኑት እኛ ግቢ ድረስ ይመጣሉ።

እኔን የያዘኝ ግን ፓፓያው ነው። ዲኖ ማርቲንስና ስቲቨን ጆንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 2009 ባወጡት ጥናት ኬንያ ውስጥ የፓፓያን ብናኝ ከወንዱ ዛፍ ወደ ሴቷ የሚያደርሱት በዋናነት ሆክ ሞዞች እንደሆኑ፣ እርሻው ከተፈጥሮ ጫካና ቁጥቋጦ ሲርቅ ደግሞ ጉብኝታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ እረፍት የለኝም፣ ምክንያቱም እኛም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ እኛም ስኳር ድንቹና ፓፓያው አንድ አጥር ውስጥ ነው ያለን፣ ከታች አባጨጓሬውን እየረገጥን ከላይ ፓፓያው ለምን አበባውን አራገፈ እያልን ነው የምንኖረው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ አንደኛ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ቤት ውስጥ ማሳደግ፣ ሁለተኛ ማታ ማታ ፓፓያው ላይ ማን እንደሚመጣ በዓይናችን ማየት።

ዕቃችን ቀላል ነው። ሰፋፊ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ክዳን የሚሆን የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ከላስቲክ ጋር፣ ሶፍት፣ የውሃ ቀለም ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ ስልክ ካሜራ ላይ የሚሰካ ማጉያ ሌንስ። በቃ።

እንቁላል ፍለጋው ጠዋት ነው የተሠራው። ሐረጉን አንድ በአንድ እያነሱ ቅጠሉን ከላይም ከሥርም ማየት ነው፣ አንድ ሚሊሜትር የምታክል፣ ነጣ ወዳለ አረንጓዴ የምትወስድ ክብ ነገር ናት፣ ለብቻዋ ተለጥፋ ነው የምትገኘው። እናትየዋ እዚህ ቅጠል ላይ አንድ ጥላ፣ ሌላ ቅጠል ላይ ሌላ ጥላ እየዞረች ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ ልጆቹ ለምግብ አይጋፉም፣ አንድ ወፍ አንዱን ብታገኝ ሌሎቹን አላገኘችም ማለት ነው። እንቁላል ያለበትን ቅጠል ከነዘንጉ ቆርጠን አመጣን።

ሰኔ 20ዎቹ

ተፈለፈሉ! ከመፈልፈላቸው በፊት የእንቁላሉ ቀለም ተቀየረ፣ ማታ ላይ አይቼ ነገ ነው አልኩ፣ ጠዋት ስነሳ አራት ሚሊሜትር የማይሞሉ ነጫጭ ክሮች ቅርፊታቸውን እየበሉ አገኘኋቸው። ቀንዳቸው ከአሁኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጥቁር ነው፣ ከሰውነታቸው ጋር ሲተያይ ደግሞ በጣም ረጅም ነው። የመጀመሪያ ምግባቸው የራሳቸው የእንቁላል ቅርፊት ነው፣ ከዛ ወደ ቅጠል። ቅጠል በበሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሆዳቸው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ የበሉት በውጭ ይታያል።

ማሳደግ ለምትፈልጉ የተማርነውን ልንገራችሁ። በእጅ አታንሷቸው፣ በብሩሽ ጫፍ። ቅጠሉ ውሃ የተንጠባጠበበት አይሁን፣ እቃው ውስጥ ጤዛ ከያዘ ሻጋታ ይመጣና ይጨርሳቸዋል። ሶፍቱን በየቀኑ ቀይሩ፣ ኩሳቸውን አውጡ። ደግሞ ቆዳቸውን ሊቀይሩ ሲሉ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ነው የሚቆዩት፣ አይበሉም አይንቀሳቀሱም፣ የሞተ መስሏችሁ እንዳትጥሉት። አንዷ ተማሪዬ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ አየችው፣ መጀመሪያ የጭንቅላቱ ቅርፊት ወደ ፊት ተገፍቶ ወደቀ፣ ከዛ አሮጌው ቆዳ ወደ ኋላ እየተጠቀለለ ወጣ፣ አዲሱ ጭንቅላት ከድሮው በግልፅ ይበልጣል። እስከ መጨረሻው ድረስ በአብዛኛው አምስት እርከን ነው የሚያልፉት። አሜሪካ ያለው ዘመዳቸው ማንዱካ ሴክስታ ላይ በተሠራ ልኬት ከመፈልፈሉ እስከ ትልቅ አባጨጓሬነቱ ክብደቱ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ 10,000 ጊዜ እጥፍ ያድጋል። ይሄን ቁጥር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የቅጠሉ ኮታ በየቀኑ ለምን እንደሚጨምር ወዲያው ገባቸው።

ሰኔ ማለቂያ፣ የአንሶላው ማታ

ሐይቁ አጠገብ ያለ አንድ ተማሪ ቤት ሄደን ነጭ አንሶላ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰቀልን። መብራታችን አሮጌ መርኩሪ አምፖልና የብር ኖት ፎርጂድ መፈተሻ ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ የዩቪ ባትሪ ነው። ኤልኢዲው ነጭ መብራት ለዚህ ሥራ ብዙም አይሆንም፣ እነሱን የሚስበው እኛ የማናየው የዩቪ ብርሃን ነው (ዓይናችሁን ግን ጠብቁ፣ አምፖሉን ትክ ብላችሁ አትዩት)። መጀመሪያ የመጣው የሐይቁ ትንኝ ነው፣ አንሶላው ግራጫ እስኪሆን ድረስ፣ አፍ መክፈት አልተቻለም።

ሆክ ሞዞቹ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መጡ። ብዙዎቹ ሂፖቲዮን ሴሌሪዮ ናቸው፣ ቀጠን ያለ ቡናማ፣ የፊት ክንፉ ላይ የብር መስመር ያለው፣ የኋላ ክንፉ ሲገለጥ ወደ ቀይ ሮዝ የሚሄድ። ሲያርፉ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ሹል ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ ቅርፃቸው ብቻ ፈጣን በራሪ መሆናቸውን ይናገራል።

ወደ 5 ሰዓት አካባቢ ያልጠበቅነው መጣ። አንሶላውን በደረቱ መታው፣ ድምፁ ጓ አለ፣ ከዛ መሬት ወደቀ። ጀርባው ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምስል ያለው አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። ተማሪው ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ጮኸ፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ አይጥ በምትጮኸው ቀጭን ድምፅ ጮኸ፣ ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ «ቲቸር ጮኸብኝ እኮ!» አለ። ድምፁን የሚያወጣው በአፉ ነው፣ አየር ወደ ጉሮሮው ሲስብ እዛ ያለች ስስ ክዳን ትርገበገባለች፣ መልሶ ሲያስወጣው ደግሞ ሌላ ድምፅ ይጨምራል። ብዙ ነፍሳት ድምፅ የሚያሰሙት ክንፍና እግር በማፋተግ ነው፣ በጉሮሮ የሚጮህ ነፍሳት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ልጆቹ ምስሉን አይተው መጥፎ ምልክት ነው ወይ አሉኝ፣ አይደለም፣ አይነክስም አይናደፍም መርዝም የለውም ብዬ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። እግሮቹ ጠንካራ ናቸው፣ ጥፍሩ ቆዳ ይዞ አይለቅም።

ሁለቱም ማለትም አትሮፖስም ኮንቮልቩሊም ስደተኞች ናቸው፣ በየዓመቱ ከአፍሪካ ተነስተው ሜዲትራኒያንን አቋርጠው አውሮፓ ይገባሉ። በፈረንጅ 2022 የወጣ ጥናት አለ፣ ጀርመን ኮንስታንዝ ላይ አትሮፖሶች ጀርባ ላይ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ለጥፈው በትንሽ አውሮፕላን ሌሊቱን ወደ አልፕስ ተራሮች ተከተሏቸው፣ እስከ 80 ኪሎሜትር ድረስ። ነፋሱ ከፊት ሲመጣባቸው ወደ መሬት ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ ከጎን ሲገፋቸው እያስተካከሉ፣ መስመራቸውን ሳይለቁ ነው የሄዱት። ልጆቹ መሬት የወደቀውን እያዩ ይሄ ነው ወይ ጀርመን የሚደርሰው አሉ። የሱ ዓይነት ነው አልኳቸው። ከዛ መብራት ጠፋ፣ ሥራውም እዛ ላይ አበቃ።

ሐምሌ ሥላሴ

የፓፓያውን ሙከራ ዛሬ አቋቋምን፣ ለኔ የዚህ ክረምት ዋናው ነገር ይሄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ፓፓያ ፆታ፣ ብዙ ሰው ስለማይለየው። ከዘር ያበቀላችሁት የጓሮ ፓፓያ ግማሽ ያህሉ ወንድ ግማሽ ያህሉ ሴት ነው የሚሆነው። የወንዱ አበባ ረጅም ዘንግ ላይ ተንዠርግጎ ይወርዳል፣ ትንንሽ፣ ቀጭን ቱቦ ያለው፣ ማታ ማታ የሚሸት፣ ጣፋጭ ፈሳሽም አለው። የሴቷ አበባ ግንዱ ላይ ተጠግታ ትቀመጣለች፣ ትልቅ ናት፣ ሆዷ ውስጥ የወደፊቱ ፍሬ በግልፅ ይታያል፣ ጣፋጭ ፈሳሽ ግን ምንም የላትም። ማለትም ሆክ ሞዙ ወደ ሴቷ የሚሄደው የወንዱ መስላው ነው፣ ምላሱን ይሰዳል፣ ምንም አያገኝም፣ ቶሎ ይለቃል፣ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ግን ከወንዱ ያመጣው ብናኝ ይነካታል። (ሁለቱንም ፆታ በአንድ አበባ የያዙ የተሻሻሉ ዝርያዎችም አሉ፣ እነሱ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳርሳሉ፣ የኛ ሰፈር ግን እነዚያ አይደሉም።)

እዚህ ሁሉም ሰው ወንዱን ይቆርጠዋል፣ አያፈራም ተብሎ። በመንገዳችን የቀረው አንድ ወንድ ዛፍ ብቻ ነው፣ እሱም መጸዳጃ ቤት ጀርባ ስለሆነ ተረስቶ የተረፈ። ከሱ አጠገብ ባለው ግቢ የጎረቤታችን እማማ ሴት ፓፓያዎች አሉ፣ እሳቸውን አስፈቅደን ሊከፈቱ የደረሱ እንቡጦችን በአጎበር ቁራጭ ሸፈንን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ክፍል ሁልጊዜ እንደተሸፈነ ይቆያል። ሌላው ቀን ተሸፍኖ ማታ ይከፈታል። ሦስተኛው ማታ ተሸፍኖ ቀን ይከፈታል። አራተኛው ጭራሽ አይነካም። ዘንጉ ላይ በቀለም ክር አስረን ለየናቸው። ማታ 12 ሰዓትና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መሰላል ይዞ የሚሄድ ተረኛ ተመድቧል፣ ጠዋት የመነሳቱን ነገር ልጆቹ ራሳቸው ተጣልተውበት ነው የወሰዱት፣ ደስ አለኝ።

እማማ መሰላሉን እያዩ «ልጄ፣ ለአበባ ደግሞ አጎበር ምን ያደርግለታል፣ ወባ ይዞት ነው?» አሉኝ። ማታ የሚመጣ እንግዳ አለው፣ ያ እንግዳ ካልመጣ ያፈራል ወይስ አያፈራም የሚለውን ልናይ ነው ስላቸው፣ «እንግዲያው የኔም ጥያቄ ነው፣ ዓምና እኮ ግማሹ ነው የረገፈው» አሉ።

ሐምሌ አጋማሽ

አባጨጓሬዎቹ ትልልቅ ሆነዋል፣ ትልቁ ወደ 9 ሴንቲሜትር ነው። ከአንድ ሐረግ ከመጡት ውስጥ አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ አንዳንዱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ መስመር አወጣ፣ ሁለቱም ያው አንድ ዝርያ ናቸው። ጓሮ ውስጥ ለመፈለግ ዓይናችሁን ቅጠል ላይ ሳይሆን መሬት ላይ አድርጉ፣ ጥቁር ጠንካራ ጎድጎድ ያለ በርበሬ ፍሬ የሚያህል ኩስ ካያችሁ ከሱ በላይ ያለው ሐረግ ላይ ነው ያለው። ቀን ቀን ትልልቆቹ ወደ ታች ወርደው ይደበቃሉ፣ ማታ በባትሪ ብትሄዱ ይቀላል።

አንዱ መብላት አቆመ። ቆዳ ሊቀይር ነው ብዬ ተውኩት፣ በማግስቱ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ታየ፣ ከዚያ ነጫጭ ትሎች ቆዳውን ቀደው ወጡና ሶፍቱ ሥር ገብተው ቡናማ እንክብል ሆኑ። ታኪኒድ የሚባሉት ዝንቦች ልጆች ናቸው፣ እናትየዋ ዝንብ ጓሮ እያለ ነው የጣለችበት። ልጆቹ አዘኑ፣ እኔ ግን እንክብሎቹን ለብቻ አስቀመጥኳቸው፣ ምክንያቱም የአባጨጓሬውን ብዛት በነፃ የሚቆጣጠርልን ይሄ ዝንብ ነው፣ ኬሚካል ስትረጭ መጀመሪያ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ስለ መርጨት ካነሳን፣ በፈረንጅ 2017 የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎ ላይ ከመጣ ወዲህ ሰው አባጨጓሬ ባየ ቁጥር መርጫ ያነሳል፣ አልፈርድም፣ በቆሎው ዓይኑ እያየ ነው ያለቀበት። ግን ስኳር ድንች ላይ ጠላትን መለየት ያስፈልጋል። ደቡብ ላይ ስኳር ድንቹን እየገፈፈ አርሶ አደሩን የሚያስለቅሰው አክሬያ አሴራታ የሚባለው የስኳር ድንች ቢራቢሮ ነው፣ እንቁላሉን በአንድ ቅጠል ላይ ሰብስቦ ይጥላል፣ ልጆቹ በድር ተሸፍነው በጋራ ይበላሉ፣ እሾሃም ናቸው፣ ሲበዙ ማሳው ባዶ ሐረግ ይሆናል። የኛ ባለ ቀንዱ ብቻውን ነው፣ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ሐረጉ የበላውን ሳምንት ሳይሞላ ይተካል። በዝቶ የመጣ ጊዜ እሱም ይጎዳል፣ ግን ጓሮ ላይ ለምታገኙት አንድ ሁለት ባለ ቀንድ መርጫ ማንሳት ስኳር ድንቹን አይጠቅምም፣ ፓፓያውን ይጎዳል።

ሐምሌ ገብርኤል ማግስት

ትናንት ከተማው በንግሥ እንግዶች ተጨናንቆ ስለነበር ማንም አልመጣም፣ ዛሬ ስንከፍት ትልቁ መብላት አቁሞ እቃውን ሲዞር አገኘነው። ቀለሙ ጠቆር ብሏል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። ይሄ ማለት አፈር ይፈልጋል ማለት ነው። ባሊ ውስጥ በወንፊት የተነፋ አፈርና ሰጋቱራ ደባልቀን፣ ትንሽ ውሃ ረጭተን፣ ወደ 15 ሴንቲሜትር አድርገን ሞላንለት፣ ስናስቀምጠው በጭንቅላቱ እየገፋ ገብቶ ጠፋ። ድር አይሠራም፣ የሐር ቤት የለውም፣ አፈሩን በሰውነቱ ጠቅጥቆ ክፍል አበጅቶ እዛ ውስጥ ሙሽሬ ይሆናል፣ ማለትም ከአባጨጓሬ ወደ ባለ ክንፍ የሚለወጥበት ደረጃ ላይ ይገባል።

አንዱን ግን ልጆቹ እንዲያዩት ከአፈር ውጪ ሶፍት በተነጠፈበት ጨለማ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው፣ ቆዳው ተገፎ ሙሽሬው ሲወጣ መጀመሪያ ለስላሳና ነጣ ያለ አረንጓዴ ነበር፣ በሰዓታት ውስጥ ጠንክሮ ቀይ ቡናማ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም አፋችንን የከፈትነው፦ ከጭንቅላቱ ጀምሮ ወደ ፊት ወጥቶ ተቆልምሞ ደረቱን የሚነካ የጀበና እጀታ የሚመስል ነገር አለ። የምላሱ ሽፋን ነው። ሲያድግ ምላሱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከራሱ ሰውነት የሚበልጥ ስለሚሆን ሙሽሬው ሆድ ላይ አይበቃም፣ በውጭ በኩል ቦታ ተሠርቶለታል። ዳርዊን በፈረንጅ 1862 ማዳጋስካር ያለች የ30 ሴንቲሜትር ገደማ ቱቦ ያላት ኦርኪድ አይቶ እዛ የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት አለ፣ ዋላስ የሚባለው የዘመኑ ተመራማሪ ደግሞ ሆክ ሞዝ ነው የሚሆነው ብሎ ገመተ፣ በ1903 ሮትሽልድና ጆርዳን ስም ሰጡት፣ በ2021 ደግሞ ራሱን የቻለ ዝርያ ተባለ፣ ዛንቶፓን ፕራዲክታ። የኛው ምላስ ያን ያህል ባይሆንም ሙሽሬውን እጃችን ላይ ይዘን ያንን ታሪክ ማውራት ሌላ ነገር ነው።

የሐምሌ መጨረሻ

ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ንብ አናቢ ጋር ሄድን፣ ስለ አትሮፖስ ልንጠይቀው። ሳንጨርስለት «የሚጮኸው?» አለን። ማታ ማታ ቀፎ እንደሚገባ ያውቃል። ከዛ የጸዳ ዘመናዊ ቀፎ ወለል ላይ ያገኘውን አሳየን፣ የደረቀ ትልቅ አትሮፖስ፣ ከላይ እስከ ታች ፕሮፖሊስ በሚባለው የንቦች ማጣበቂያ ተለብጦ። ንቦቹ ገድለውታል፣ ጎትተው ለማውጣት ግን ከብዷቸዋል፣ ስለዚህ እንዳይበሰብስባቸው ለብጠው ትተውታል። በሌንሱ ሳየው የራስ ቅሉ ምስል ከማጣበቂያው ሥር ገና ይታያል፣ ምላሱም ወጥቶ ቀርቷል፣ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ የሾለ፣ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ። አበባ ውስጥ የሚሰደድ አይደለም፣ የማሩን የሰም ክዳን የሚበሳ ነው። ቤተሰባቸው አንድ ሆኖ የአንዱ ምላስ ለቱቦ አበባ ረዝሞ የሌላው ለማር አጥሮ መውፈሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቀፎ ገብቶ እንዴት ቶሎ አይነደፍም ላላችሁ፣ በፈረንጅ 1991 የወጣ ጥናት ቆዳው ላይ ያሉት የቅባት አሲዶች የንቦቹን ጠረን የሚመስሉ መሆናቸውን አሳይቷል፣ ጨለማ ውስጥ ንብ በጠረን ነው የምትለየው። ቆዳውም ወፍራም ነው። አናቢው መፍትሔውን ከኛ በፊት አግኝቷል፣ የቀፎውን በር ንብ ብቻ በሚያሳልፍ መጠን አጥብቦታል። መግደልም መርጨትም አላስፈለገውም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቡና ሥር አንድ አረንጓዴ ባለ ቀንድ አገኘን፣ ሴፎኖደስ ሃይላስ ነው፣ ቡናና ጋርዴኒያ የሚበላው። እሱ ሲወጣ ክንፉ ላይ ያለው ቅርፊት በመጀመሪያው በረራ ይራገፍና መስታወት የሆነ ክንፍ ይቀራል፣ ቀን ነው የሚበረው፣ ንብ ነው ብለው ያልፉታል። ይሄ ለሌላ ጊዜ።

ፍልሰታ

ማታ ማታ ፓፓያው ሥር ነን። ከ12:30 ጀምሮ ወንበር ይዘን፣ ባትሪያችንን በቀይ ላስቲክ ሸፍነን (ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም)። 12:45 አካባቢ፣ ሰማዩ ገና ሙሉ ሳይጨልም የወንዱ አበባ ሽታ ይመጣል፣ ከዛ ብዙም ሳይቆይ እነሱ።

በቅርብ ያየሁትን ልጻፍ። አንድ ሂፖቲዮን ወንዱ ዛፍ ጋ መጣ፣ አላረፈም፣ አበባው ፊት አየር ላይ ቆመ፣ ክንፉ አይታይም ጥላ ብቻ ነው፣ ተጠቅልሎ የነበረው ምላስ ወደ ፊት ተዘረጋ፣ ቱቦው ውስጥ ገባ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ፣ ወጣ፣ ቀጣዩ አበባ። ነፋስ ዘንጉን ሲያወዛውዘው እሱም አብሮ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ምላሱ አይወጣም። ዘንጉን በሙሉ ጨርሶ አጥሩን ተሻግሮ ወደ እማማ ሴት ዛፍ ሄደ፣ አበባዋ ላይ ጭንቅላቱን አስጠግቶ ነክቶ ወዲያው ተወ፣ ሌላዋንም ነካ፣ ተወ፣ ሄደ። ይሄ ሁሉ ሻይ ተቀድቶ ሳይጠጣ ነው ያለቀው። ሌላ አንድ በመረብ ይዘን በሌንስ ስናየው የምላሱ ሥርና የዓይኑ ዙሪያ ቢጫ ብናኝ ተለጥፎበታል፣ ፎቶ አንስተን ለቀቅነው።

በዛ ጨለማ አበባ እንዴት ያገኛል ካላችሁ ሽታው አንድ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ ሌላ ነው። ስዊድን ሉንድ ውስጥ በፈረንጅ 2002 የወጣ ሙከራ ዴይሌፊላ ኤልፔኖር የሚባለው ሆክ ሞዝ በከዋክብት ብርሃን ብቻ ቀለም እንደሚለይ አሳይቷል፣ እኛ በዛ ብርሃን ሁሉ ነገር ግራጫ ነው የሚሆንብን። አንድ ማታ ደግሞ የሌሊት ወፎች በላያችን ሲያልፉ ከነሱ ጋር ያለውን ጦርነት አወራን፣ በፈረንጅ 2013 ቦርኒዮ ላይ የተሠራ ጥናት ሆክ ሞዞች የሌሊት ወፍ ድምፅ ሲሰሙ ከሆዳቸው ጫፍ ባለው የመራቢያ አካላቸው እያፋተጉ እኛ የማንሰማው ድምፅ እንደሚመልሱ አግኝቷል። ተማሪዎቹ ይሄን ሲሰሙ ሳቅ በሳቅ ሆኑ፣ ከዛ ግን ከሁሉም በላይ ጥያቄ የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ቡሄ ማግስት

የፓፓያው ውጤት። ሁልጊዜ ተሸፍነው የቆዩት አበቦች ሁሉም ቢጫ ሆነው ረገፉ፣ አንድም አልያዘም። ማታ ብቻ የተከፈቱት አብዛኞቹ ይዘዋል፣ ሆዳቸው አብጦ አረንጓዴ ፍሬ ሆኗል፣ ጭራሽ ካልነካናቸው ጋር ሲተያዩ ብዙ ልዩነት አላየንም። ቀን ብቻ የተከፈቱት ጥቂቶቹ ናቸው የያዙት። የቀኑ ጥቂት ከየት መጣ ለሚለው ተረኛው ልጅ ረፋድ ላይ ማክሮግሎሰም ትሮኪለስ የሚመስል ትንሽዬ ቀን በራሪ ሆክ ሞዝ ወንዱ አበባ ላይ ቆሞ ቪዲዮ ቀርጿል፣ ንቦችም ወንዱ ላይ ይመጣሉ። ዛፎቹ ጥቂት ናቸው፣ አንድ መንገድ ላይ ነው የሠራነው፣ ስለዚህ ይሄ ለሀገር ሁሉ መልስ ነው አልልም፣ ለኛ መንገድ ግን መልስ ነው፦ ፓፓያውን የሚያስይዘው የማታው እንግዳ ነው።

ለእማማ ክሮቹን እያሳየሁ አስረዳኋቸው። የረገፈውን ይዘው ዝም ብለው ቆዩና «ወንዱን እኮ ዓምና እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ» አሉ። የተረፈው አንዱ ወንድ ያለበትን ግቢ ባለቤት ሊያናግሩልን ሄዱ፣ እንዳይቆርጠው።

ጳጉሜ

ሙሽሬው ከጠቆረ ሰንብቷል፣ የክንፉ ንድፍ በቅርፊቱ ላይ መታየት ሲጀምር አንቀላፍተን አናውቅም ማለት ይቀላል። አመሻሽ ላይ ቅርፊቱ ከጀርባው ተሰነጠቀ፣ እርጥብ ሆኖ ወጣ፣ በፍጥነት ወደ አጎበሩ ወጣና ተንጠለጠለ። ለዚህ ነው ሻካራ ነገር የግድ የሚያስፈልገው፣ የሚቧጥጠው ካጣ ክንፉ ሳይዘረጋ ይደርቃል። ክንፉ መጀመሪያ የጣት ጥፍር የምታክል ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደም ገፍቶበት ሙሉ ወረደ፣ ከዛ ለሰዓታት ደረቀ። ቀላ ያለ ፈሳሽ ጠብ አደረገ፣ ደም አይደለም፣ ሙሽሬ እያለ ያጠራቀመው ቆሻሻ ነው። በሌንስ ምላሱን ስናይ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ሁለት ቀጭን ገመድ፣ እየጠቀለለና እየፈታ ጎን ለጎን ሲያጋጥማቸው አንድ ቱቦ ሆኑ።

በማግስቱ ምሽት ከፓፓያው አጠገብ እጄ ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው አይበርም። ክንፉን ሳይከፍት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዛ እየፈጠነ፣ ድምፅ እስኪያወጣ። የበረራ ጡንቻውን እያሞቀ ነው፣ እነዚህ ነፍሳት ለመብረር ደረታቸው ከ35 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት፣ ውጪው ደግሞ ያን ማታ በዝናብ ቀዝቅዟል። ልጆቹ ተራ በተራ በጣታቸው ጫፍ ደረቱን ነኩት፣ ይሞቃል፣ በግልፅ ይሞቃል። ዓይኑ በባትሪው ብርሃን ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል። ከዛ ተነሳ፣ ግቢውን አንድ ዙር ዞሮ በቆርቆሮው ላይ አልፎ ሄደ።

መስከረም መግቢያ

ባሊው ውስጥ ገና ያልወጡ ሙሽሬዎች አሉ፣ ሰጋቱራውን በየሦስት አራት ቀን ትንሽ እያረጠብን እንጠብቃለን። የዝንቦቹ እንክብልም ተከፍቶ ግራጫ ሻካራ ጸጉር ያላቸው ዝንቦች ወጥተዋል፣ ጓሮው ላይ ለቀቅናቸው። ተማሪዎቹ የፓፓያ ችግኝ አፍልተዋል፣ አበባ ሲያወጣ ወንድና ሴቱን ለይተን ለ10 እስከ 20 ሴት ቢያንስ አንድ ወንድ እንዲቀር ለየቤቱ እናከፋፍላለን፣ እማማም አንድ ወንድ ይዘዋል። አርባ ምንጭ፣ ወላይታ፣ ዝዋይ፣ ራያ፣ የጓሮ ፓፓያ ያላችሁ ሁሉ፦ ከምሽቱ 12:30 እስከ 2 ሰዓት ወንዱ ዛፍ ሥር ተቀመጡና ማን እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደመጣ ጻፉ፣ ቪዲዮ ከቻላችሁ ደግሞ ቅረጹ። አጎበሮቹ ታጥበው ተሰጥተዋል፣ ጥቅምት ላይ የሚከፈተው አበባ ላይ ያንኑ ሙከራ በሌላ መንገድ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ባለ ሰፈር እንደግመዋለን።